በአባ ዳኘውና በአባ ቃኘው መካከል
የችኮላ ፈሊጥና የእሪ በከንቱ ቁልቁለት

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነገር የቸኮለበትን ሰው ለማረጋጋት ከሚጠቀሙባቸው አነጋገሮች አንዱ «ሆልድ ዮር ሆርሲስ» የሚለው ነው። ቃል በቃል ሲፈታ «ፈረሶችህን ያዝ» ማለት ሲሆን፣ አድማጩ ግን ፈረስ ፍለጋ ዙሪያውን አይማትርም፤ «ረጋ በል፣ ነገሩ እስኪጣራ ቆይ» እንደተባለ ወዲያው ይገባዋል። እንዲህ ያለው አነጋገር፣ ማለትም ከቃላቱ ተራ ፍቺ የተለየና ተናጋሪዎቹ በልማድ የተስማሙበትን ትርጉም የያዘው፣ በቋንቋ ጥናት ፈሊጥ ይባላል። ፈሊጥ ከተወለደበት ኑሮ ተነጥሎም ረጅም ዕድሜ ስለሚኖር፣ ፈረሱ ከመንገድ ከጠፋ በኋላ እንኳ ልጓሙ በሰው አንደበት ላይ ይቀራል።

ይህን ፈሊጥ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ለማስረዳት ለንደን ወይም ኒውዮርክ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ በአራዳ፣ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚያወርደው ቁልቁለት ይበቃል። ከላይ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ፣ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ የፊት እግሮቹን ባነሣ ፈረስ ላይ ተቀምጠው ይታያሉ፤ ሐውልቱ የተመረቀው በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ሲሆን፣ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች አንሥተውት ከነጻነት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል። ከታች ደግሞ የዐድዋው የጦር አዛዥና የዐፄ ኃይለ ሥላሴ አባት የልዑል ራስ መኮንን ስም የተሰጠው ድልድይ አለ። ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ መኮንን «አባ ቃኘው» ይባሉ ነበር፤ ሁለቱም ስሞች የፈረስ ስሞች ናቸው። በእነዚህ በሁለቱ ፈረሰኞች መካከል ባለው ተዳፋት ላይ የሚገኘው ሠፈር እሪ በከንቱ ይባላል።

«እሪ» የድረሱልኝ ጩኸት ነው፤ «በከንቱ» ያለ ፋይዳ፣ ያለ ውጤት ማለት ነው። ከአፍ ወደ አፍ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትረካ እንደሚለው፣ ከተማዋ ገና በሠፈር በሠፈር ተበታትና፣ በመካከሏ ጫካና ገደላ ገደል በነበረባት ዘመን፣ በዚህ ሥፍራ የሚያልፍ መንገደኛ በቀማኛ ሲያዝ ያለ የሌለ ኃይሉን አሰባስቦ እሪ ቢልም የሚደርስለት አልነበረም፤ ጩኸቱ በሸለቆው ውስጥ ስለሚቀር ቦታው በዚያው ተጠራ። ስለዚህ አንድ ቁልቁለት ሁለት ተቃራኒ ነገሮችን ያስተምራል፤ ከላይና ከታች ያሉት የፈረስ ስሞች ሰው ከመጋለቡ በፊት ምን ማድረግ እንደሚገባው ይናገራሉ፣ በመካከል ያለው የሠፈር ስም ደግሞ ሰው መሮጥ በሚገባው ሰዓት ሳይሮጥ ሲቀር የሚደርሰውን ጥፋት ይመሰክራል። የችኮላ ትርጉም የሚገኘው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው።

በመጀመሪያ የፈሊጡን የትውልድ ታሪክ ማየት ይገባል። «ፈረሶችህን ያዝ» የሚለው አነጋገር ዛሬ በሚታወቅበት ትርጉሙ በጽሑፍ የተገኘው በአሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ሲሆን፣ በኒው ኦርሊንስ ይታተም የነበረ ጋዜጣ እንደ ተራው ሕዝብ አነጋገር አድርጎ አትሞታል። ዘመኑ የፈረስ ሠረገላ ዘመን ነበር፤ ሁለት ወይም አራት ፈረሶች ጠምዶ የሚነዳ ሰው መንገድ ሲዘጋ፣ ሕዝብ ሲሻገር ወይም ሌላ ሠረገላ ሲመጣ ዛቡን፣ ማለትም ከልጓሙ ጋር ተያይዞ በነጂው እጅ የሚያዘውን ጠፍር፣ ሳብ አድርጎ እንስሶቹን መግታት ነበረበት። አነጋገሩ ፈረስን በብዙ ቁጥር የሚጠራውም ከዚህ የሠረገላ ኑሮ ጋር ስለሚስማማ ነው። ሆኖም ሐሳቡ ከአሜሪካ እጅግ ይርቃል፤ በጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ በሆሜር «ኢሊያድ» ሃያ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ፣ በፓትሮክሎስ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ በተደረገው የሠረገላ እሽቅድምድም፣ ወጣቱ አንቲሎኮስ በጠባብ መንገድ ላይ በግዴለሽነት ሲነዳ ንጉሥ ሜኔላዎስ ፈረሶቹን እንዲገታ ይጮህበታል። አሜሪካዊው ባለ ሠረገላ ፈሊጡን ከሆሜር ቀዳው ለማለት የሚያስችል ማስረጃ የለም፤ ፈረስ ባለበት አገር ሁሉ የሚወለድ አነጋገር ነው ማለት ይበልጥ ያስኬዳል።

እንግሊዝኛው ስለ ችኮላ ሌሎች አነጋገሮችም አሉት። ጆን ሄይውድ የተባለው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1546 ባሳተመው የምሳሌዎች መድበል ውስጥ ችኮላ ብክነትን ያመጣል የሚል ይዘት ያለው ምሳሌ ይገኛል። «ችኮላ ሲበዛ ፍጥነት ይቀንሳል» ተብሎ የሚተረጎመው ሌላው ምሳሌ ደግሞ ለዛሬ አንባቢ እርስ በርሱ የሚጋጭ ቢመስልም፣ በጥንቱ እንግሊዝኛ ዛሬ ፍጥነት የሚባልበት ቃል መሳካትን፣ መከናወንን ያመለክት ስለነበር፣ ዋናው ሐሳብ «የቸኮለ ሰው ነገሩ አይሰምርለትም» የሚል ነበር። ከዚህም በፊት የሮማው ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ «ቀስ ብለህ ፍጠን» የሚለውን የግሪክ አባባል ያዘወትር እንደነበር የታሪክ ጸሐፊው ሱዌቶኒዩስ መዝግቧል። በዚህ አባባል ፍጥነት አልተወገዘም፤ የተወገዘው ሥርዓት ያጣ ፍጥነት ነው። ይህ ልዩነት ለአማርኛም ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም አማርኛ መፍጠንንና መቸኮልን አንድ አድርጎ አያያቸውም። ፈጣን ሰው ይመሰገናል፣ ችኩል ሰው ይነቀፋል፤ ሁለቱ እኩል ሰዓት ሊፈጅባቸው ይችላል፣ የሚለያቸው ከመነሣታቸው በፊት ያደረጉት ወይም ሳያደርጉ የቀሩት ነገር ነው።

የፈረስ ባህል በኢትዮጵያ ሥር የሰደደ መሆኑን ለማሳየት ብዙ መድከም አያሻም። በቤተ መንግሥቱ ሥርዓት የንጉሡን ፈረሶችና በቅሎዎች የሚቆጣጠረው ሹም ባልደራስ ይባል ነበር፤ ስሙ እስከ ዛሬ በአዲስ አበባ የሠፈር መጠሪያ ሆኖ ይኖራል። ጃንሆይ ሜዳ ወይም በአጭሩ ጃንሜዳ፣ ጥምቀት ከሚከበርበት ሌላ፣ ፈረሰኞች ጎራ ለይተው በዱላና በጋሻ የሚፋለሙበት የጉግስ ጨዋታ ሜዳ ነበር። በአማራ ክልል በአዊ ዞን፣ በእንጅባራና በአካባቢው፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ያሸበረቁ ፈረሶችን አሰልፎ በዓሉን ያከብራል፤ ማኅበሩ መታሰቢያነቱ በዐድዋ ለተሰለፉት አርበኞችና ለፈረሶቻቸው ጭምር መሆኑን ይናገራል፣ እንስሳውንም ከባለውለታዎች መቁጠሩ ሊመሰገን ይገባል።

ፈረሰኛው ኅብረተሰብ ለእርምጃ ደረጃዎች የተለያየ ስም አለው። ዝግ ብሎ ከሚደረገው ጉዞ ቀጥሎ ፈረሱ ዱብ ዱብ እያለ የሚሄድበት ሶምሶማ ይመጣል፤ በመጨረሻም ፈረሱ ያለ ገደብ የሚለቀቅበት ሽምጥ ግልቢያ አለ። ጋላቢው ፈረሱን ሲያፋጥን «ቼ» ይለዋል፣ ሲያቆመው ዛቡን ይስባል። እያንዳንዱ እርምጃ የራሱ ጊዜ ስላለው በሽምጥ መሄድ በራሱ ነውር ተብሎ አያውቅም፤ ነውሩ ሽምጥ በማይጋለብበት ቁልቁለት ላይ ሽምጥ መጋለብ ነው።

ከዚህ ባህል ውስጥ ለያዝነው ጉዳይ ትልቁን ብርሃን የሚሰጠው የፈረስ ስም ነው። የፈረስ ስም ማለት አንድ ባላባት ወይም ጦረኛ ለጦር ፈረሱ ያወጣው ስም «አባ» የሚል ቃል ተጨምሮበት ለራሱ ለጌታው መጠሪያ ሲሆን ማለት ነው፤ አዝማሪ ሲያወድሰው፣ አሽከር ሲፎክርለት፣ ራሱም ጠላቱን ሲገጥም የሚጠራው በዚህ ስም ነው። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ባወጡት ሰፊ ጥናት የእነዚህን ስሞች ብዛትና አወጣጥ ለትውልድ አቆይተዋል። ስሞቹ አብዛኛውን ጊዜ ግሥ ናቸው፣ ብዙዎቹም የትእዛዝ መንፈስ አላቸው። የዐፄ ቴዎድሮስ ፈረስ ታጠቅ ነበር፤ የራስ መኮንን ቃኘው፤ የዐፄ ምኒልክ ዳኘው። መታጠቅ መዘጋጀት ነው፣ መቃኘት የጠላትን አሰላለፍና የመሬቱን አቀማመጥ አስቀድሞ መመልከት ነው፣ መዳኘት ነገሩን መዝኖ መወሰን ነው። ሦስቱ ስሞች በተከታታይ ሲነበቡ ግልቢያ ከመጀመሩ በፊት መቅደም ያለባቸውን ሥራዎች በቅደም ተከተል ይጠራሉ፤ እንግሊዛዊው ባለንጀራውን «ፈረስህን ያዝ» ሲል የሚሰጠውን ምክር ኢትዮጵያዊው ባላባት አስቀድሞ በፈረሱ ስም ላይ አኑሮት ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን ንባብ ለሁሉም የፈረስ ስሞች ማስፋት ግን ስሕተት ይሆናል። የዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ፈረስ በዝብዝ ሲሆን ስለ ዝግጅት ምንም አይናገርም፤ የራስ አሉላ ፈረስ ነጋ የማለዳን ተስፋ ይጠራል እንጂ ምክርን አይጠራም። አባ ታጠቅ የተባሉት ዐፄ ቴዎድሮስም ቢሆኑ ጠላት ባላሰበው ሰዓት በሌሊት ግስገሳ በመድረስ የታወቁ ንጉሥ ነበሩ፤ አገሪቱን በአንድ ትውልድ ለመለወጥ የያዙት ሩጫ የመኳንንቱንና የካህናቱን ልብ ሳያስከትል ቀርቶ በመቅደላ በ1860 ዓ.ም. ተቋጨ። ታጠቅ የሚለው ስም ያለውን ጥበብ ባለቤቱ በጦር ሜዳ እንጂ በፖለቲካው መስክ ሁልጊዜ አልተጠቀሙበትም ማለት ለታላቁ ንጉሥ ክብር ማጉደል አይሆንም።

በዐድዋ ዘመቻ ላይ ግን ችኮላና እርጋታ ፊት ለፊት ተጋጥመዋል። ዐፄ ምኒልክ የክተት ዐዋጁን ያስነገሩት በመስከረም 1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ የተነሡት በጥቅምት ወር ነበር፤ ጦሩ በየመንገዱ እየተጠራቀመ ወደ ሰሜን ሲያመራ ወራት ፈጀ። ከፊት ቀድሞ የሄደው በራስ መኮንን የሚመራው ጦር አምባላጌ ላይ ከጣሊያናዊው ሻለቃ ቶዜሊ ጦር ጋር በተፋጠጠ ጊዜ፣ ፊታውራሪ ገበየሁ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ጎራው፣ ትእዛዝ ሳይጠብቁ ውጊያ ጀመሩ፤ ኅዳር 28 ቀን ቶዜሊ ተገድሎ ምሽጉ በኢትዮጵያውያን እጅ ወደቀ። እዚህ ላይ ታሪክ ለእርጋታ ሰባኪዎች የማይመች ምስክርነት ይሰጣል፤ የቸኮለው ጀግና አሸንፏልና። ሆኖም አንድ የተሳካ ችኮላ ሕግ አይሆንም፤ ቀጥሎ በመቀሌ የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ላይ በግንባር የተደረገው ጥቃት ብዙ ሰው አስጨርሶ ምሽጉን ሳያስለቅቅ ቀረ። ምሽጉን ያስለቀቀው በእቴጌ ጣይቱ ምክር መደረጉ የሚነገርለት ሌላ ዘዴ ነበር፤ የኢትዮጵያ ወታደሮች ምሽጉ ውኃ የሚቀዳበትን ምንጭ ይዘው ጠበቁ፣ የምሽጉ አዛዥ ሻለቃ ጋሊያኖም በጥር ወር ውኃ ጥም ሲጠናበት ምሽጉን ለቆ ወጣ። በዚያው በፒያሳ፣ ከእሪ በከንቱ ብዙ ሳይርቅ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ያቋቋሙት እቴጌ፣ ከመድፍ ይልቅ በጥም የሚሸነፍ ጠላት መኖሩን አስቀድመው ያዩ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ዋና ጦሮች ተፋጥጠው ቆሙ፤ ሁለቱም ወገን ስንቅ እያለቀበት ነበር፣ ዐፄ ምኒልክም ከጥቂት ቀናት በላይ በዚያ ሥፍራ መቆየት እንደማይችሉ ያውቁ ነበር። ይህ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነጥብ ነው፤ ትዕግሥት ጠግቦ የሚጠብቅ ሰው ትዕግሥት አልነበረም፣ በረሃብ አፋፍ ላይ የተያዘ ትዕግሥት ነበር። በጣሊያን በኩል ጄኔራል ባራቲዬሪ ወደ ኋላ ማፈግፈግን ያስብ ነበር፤ ነገር ግን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ የካቲት 18 ቀን በላከው ቴሌግራም የሚካሄደው ነገር ጦርነት ሳይሆን እንደ ሳንባ ነቀርሳ ቀስ በቀስ የሚገድል በሽታ ነው በማለት ዘለፈው፣ በስውርም ጄኔራል ባልዲሴራ እንዲተካው ተሹሞ ነበር። የካቲት 21 ቀን በተደረገው ምክክር አራቱ ጄኔራሎች፣ አልበርቶኔ፣ አሪሞንዲ፣ ዳቦርሚዳና ኤሌና፣ ማፈግፈጉን ተቃወሙ። በማግስቱ ማታ ወደ 17,700 የሚጠጋ ጦር ባልተቃኘ ተራራማ መሬት ላይ፣ ጉድለት ባለበት ካርታ እየተመራ፣ በጨለማ ተንቀሳቀሰ። ኪዳነ ምሕረት የተባለችው ኮረብታ በካርታው ላይ ያለቦታዋ ተመልክታ ስለነበር አልበርቶኔ ከሌሎቹ ተነጥሎ ብዙ ርቀት ወደ ፊት ዘለቀ፤ ሲነጋ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተገናኘ።

ቀኑ እሑድ፣ የካቲት 23፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት ነበር፤ ንጉሡና መኳንንቱ በቅዳሴ ላይ ሳሉ የጠላት መምጣት ተሰማ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመግለጽ አማርኛ ከሽምጥ ሌላ ቃል የለውም፤ ለወራት የተያዘው ፈረስ በአንድ ማለዳ ተለቀቀ። አልበርቶኔ ተማረከ፣ አሪሞንዲ ወደቀ፣ ከቀሪው ጦር ተለይቶ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ የገባውን የዳቦርሚዳን ብርጌድ ከደመሰሱት መካከል የራስ ሚካኤል ፈረሰኞች ይገኙበታል፤ ዳቦርሚዳም እዚያው ቀረ። ፊታውራሪ ገበየሁም በዚሁ ጦርነት ወደቁ። ባራቲዬሪን ያሸነፈው የኢትዮጵያውያን ጀግንነትና ብዛት ብቻ አልነበረም፤ የሮማ ጥድፊያም ነበር። ሳይቃኝ የተጋለበ ፈረስ ጌታውን የት እንደሚያደርስ ለማየት ከዚያ ማለዳ የበለጠ ማስረጃ በዓለም የጦር ታሪክ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም።

ድሉ ከተገኘ በኋላ አባ ዳኘው ፈረሳቸውን እንደገና ያዙ፤ ጦራቸው መረብን ተሻግሮ ጠላትን እንዲያሳድድ አላዘዙም። ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ የታሪክ ሊቃውንትን ያከራክራል፤ አንዳንዶች ዕድል ያመለጠበት ይሉታል፣ ሌሎች ደግሞ ከክፉ ቀን ረሃብ ገና ያላገገመችው አገር፣ የደከመው ጦርና ያለቀው ስንቅ ሌላ መንገድ አልተወላቸውም ብለው ይከራከራሉ። ሁለተኛው ወገን ከስንቁ ሁኔታ አንጻር የተሻለ ማስረጃ አለው፤ ቢሆንም የኤርትራ ሕዝብ በዚያ ውሳኔ ምክንያት በቅኝ ግዛት ሥር መቆየቱ መያዝም እንደ መልቀቅ ሁሉ ዋጋ የሚያስከፍል መሆኑን ያሳያል። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል ጣሊያን የኢትዮጵያን ሙሉ ነጻነት ተቀበለች።

የጦር ሜዳው ትምህርት በተራው ሰው አንደበት ውስጥ በምሳሌያዊ አነጋገር ይገኛል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ሩጫን አይከለክልም፤ መቀነት የሚታሰርበት ሰዓት ከሩጫው በፊት መሆኑን ይናገራል፣ በዚህም የታጠቅን ስም ያወጣው አስተሳሰብ በገበሬውም ዘንድ እንደሚኖር ያረጋግጣል። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የሚለው ደግሞ መቃኘትን የሚመለከት ነው፤ ጅቡ የተራበ መሆኑ ወይም ቶሎ መድረሱ አልተነቀፈም፣ የተነቀፈው ሥጋውን ከቀንዱ ሳይለይ መንከሱ ነው። «የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል» ሲባል መጠበቅ ራሱ ሥራ መሆኑ ይታያል። እነዚህ ምሳሌዎች ከእንግሊዝኛው ፈሊጥ የሚለዩበት ባሕርይ አላቸው፤ «ፈረሶችህን ያዝ» በዚያች ቅጽበት ለአንድ ሰው የሚሰጥ ትእዛዝ ሲሆን የአማርኛዎቹ ምሳሌዎች ግን ለማንም ሳይሆኑ ለሁሉም የተሰጡ ፍርዶች ናቸው። ሽማግሌ ወጣቱን «አትቸኩል» ብሎ ፊት ለፊት ከመገሠጽ ይልቅ የጅቡን ነገር አንሥቶ ዝም ይላል፤ ወጣቱ ሳይዋረድ ይማራል።

ይሁን እንጂ ያው ሕዝብ መዘግየትን በእኩል ብርታት የሚነቅፉ ምሳሌዎች አሉት። «ሳይቃጠል በቅጠል» እሳቱ ገና በቅጠል መጥፋት በሚችልበት ሰዓት ፈጥኖ መድረስን ያዛል፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ደግሞ ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚመጣውን እርዳታ ዋጋ ቢስነት ያሳያል። አንባቢ በእነዚህና በፊተኞቹ መካከል ቅራኔ ያለ ቢመስለው አያስደንቅም፤ ቅራኔው የሚፈታው ጥሪው የማን ነው ብሎ በመጠየቅ ነው። የራስን ፍላጎት ለማርካት የሚደረገው ሩጫ ልጓም ይፈልጋል፤ ሌላው ሰው ሲጮኽ የሚደረገው ሩጫ ግን ልጓም አይፈልግም። በገጠሩ ኑሮ እሪታ በተሰማ ጊዜ ሞፈር የያዘ ሞፈሩን፣ ማዕድ የቀረበ ማዕዱን ትቶ ይሮጣል፤ ጩኸት ሰምቶ የቀረ ሰው በጎረቤቶቹ ዘንድ ዐይኑን ቀና አድርጎ መሄድ ይቸግረዋል። ወንጀል ሲፈጸምና ወንጀለኛው ሲሰወርም ያገሬው ሰው በአንድነት ተሰብስቦ እውነቱ እስኪወጣ የሚመረመርበት አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የተባለ ሥርዓት ነበር፤ ይህ ሥርዓት ብዙ ጊዜ ንጹሑን ከሥራው ያስተጓጉል ስለነበር ተቃውሞ ቢያስከትልም፣ የአንድ ሰው ጥቃት የመላው አካባቢ ዕዳ ነው የሚለውን እምነት መሠረት ያደረገ ነበር። በሥራ ላይ ያለው፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 575 በአደጋ ላይ ላለ ሰው መርዳት እየቻለ ሳይረዳ የቀረን ያስቀጣል።

እሪ በከንቱ የሚለውን ስም ከባድ የሚያደርገው ይህ ነው። ስሙ የወጣው ሰው ስላልጮኸ ሳይሆን ጮኾ ስላልተሰማ ነው፤ በገጠር የተለመደው የመድረስ ግዴታ፣ ሰዎች እርስ በርሳቸው በማይተዋወቁበት አዲስ ከተማ ውስጥ ሲላላ የተተወ የወቀሳ ምልክት ነው። የአራዳ ዘበኛ ተብሎ የሚታወቀው የከተማ ጠባቂ የተፈለገውም የጎረቤት እግር ያልደረሰበትን ቦታ የደመወዝተኛ እግር እንዲደርስበት ነበር ማለት ከእውነት አይርቅም። ሠፈሩ ከጊዜ በኋላ ቤት ለቤት ተጠጋግቶ፣ ሰው በሰው ላይ ተነባብሮ ሲኖርበትና ጩኸት ይቅርና ሹክሹክታ የሚሰማበት መንደር ሲሆን፣ ነዋሪው ስሙን አልለወጠውም፤ የጥንቱን ኃፍረት ይዞ መኖርን መረጠ። ለዚህ ምርጫ ክብር ይገባዋል።

በፒያሳ ጎዳና ላይ ዛሬ ፈረስ የሚታየው በሐውልቱ ላይ ብቻ ቢሆንም የመያዝና የመልቀቅ ቋንቋ አልጠፋም። ከጊዮርጊስ አቅጣጫ ተነሥቶ ወደ አራት ኪሎ በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ በሩን መታ አድርጎ «ሳበው!» ሲል ሾፌሩ ነዳጅ ይሰጣል፤ በፈረስ ዘመን መሳብ መግታት የነበረው በሞተር ዘመን ማንቀሳቀስ ሆኗል። መኪናው ቁልቁለቱን ይዞ ወደ ድልድዩ ሲምዘገዘግ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጡ እናት «ወራጅ አለ!» ይላሉ፤ ረዳቱ ካልሰማ አጠገባቸው ያለው ወጣት ይደግምላቸዋል፣ ከዚያም ሦስተኛው ሰው ይጨምርበታል፣ ሾፌሩ ዳር ይይዛል። «ወራጅ አለ» የአዲስ አበባ «ፈረሶችህን ያዝ» ነው፤ በአንድ በኩል ከእንግሊዝኛው ይበልጣል፣ ምክንያቱም የሚያቆመውን ምክንያት አብሮ ይናገራል፣ የሚቆመው ለሰው ነው። የማይተዋወቁ ተሳፋሪዎች የአንዲትን እናት ድምፅ ተቀባብለው ለሾፌሩ ማድረሳቸውም ትንሽ ነገር ተብሎ አይናቅም፤ እሪታው በከንቱ ያልቀረበት አንድ ደቂቃ ነውና።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት፣ ማለትም መንገዶችን ከነግራና ቀኛቸው አፍርሶ በአዲስ መልክ የመሥራት ዕቅድ፣ ፒያሳንና ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የአራዳን ገጽታ በጥቂት ወራት ውስጥ ለውጧል፤ በዚያው ዓመት የካቲት 3 ቀን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም እዚያው ፒያሳ ላይ ተመርቋል። ሥራው ቀንና ሌሊት የተካሄደ በመሆኑ ፍጥነቱን ያደነቁ ብዙዎች ናቸው፤ ነዋሪው ዕቃውን ለመሰብሰብና ጎረቤቱን ለመሰናበት ያገኘው ጊዜ አጠረ ብለው የተቹም አሉ። የተጎሳቆለ ቤት ለቅቆ የተሻለ ቤት መግባት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሠፈር ከቤት ይበልጣል፣ በውስጡ ዕድር አለ፣ ዕቁብ አለ፣ ጩኸት ሲሰማ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ የታወቀበት ሥርዓት አለ። ይህ ሁሉ በአንድ የጭነት መኪና ተጭኖ ወደ አዲሱ ኮንዶሚኒየም አይሄድም፤ እንደገና እስኪሠራም ዓመታት ይፈጃል። ሕንፃ በፍጥነት ቢሠራ ነቀፋ የለበትም፤ የሚያስፈልገው መቃኘቱና መዳኘቱ ከመፍረሱ መቅደማቸው ነው።

ከሁሉ በፊት ሊደረግ የሚችለውና ብዙ ወጪ የማይጠይቀው ሥራ የስሞቹ ምዝገባ ነው። እሪ በከንቱ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ሠራተኛ ሠፈር፣ ደጃች ውቤ ሠፈር የሚሉት ስሞች በካርታ ላይ ከመጥፋታቸው በፊት፣ የስሞቹን አመጣጥ ከወላጆቻቸው የሰሙ አረጋውያን በሕይወት እያሉ፣ የከተማው አስተዳደር፣ ዩኒቨርሲቲውና በየሠፈሩ ያሉ ዕድሮች ቃላቸውን በድምፅ ቀርጸው፣ ሥፍራውን በትክክል አመልክተው፣ በአዲሶቹ ጎዳናዎችና አደባባዮች ላይም ነባሮቹን ስሞች ጽፈው ሊያቆዩአቸው ይገባል። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ የአራዳ ልጅ ቢኖር ደግሞ ማንንም ሳይጠብቅ፣ አያቱን ወይም አክስቱን ቁጭ አድርጎ ስለ ሠፈሩ የሚያውቁትን ዛሬውኑ ይጠይቅ፤ ለዚህ ሥራ መቸኮል ተገቢ ነው።